ግራና ቀኙ የተለያየ የፈረንሳይ ንድፍ

ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ስቀር ፍኖተ ሰላም ካለው የአጎቴ ወርቅ ቤት መዋል ጀመርኩ። አጎቴ በእጃቸው የሚሠሩ ወርቅ ሠሪ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደንበኛውም ተሠርቶ ያለቀ ወርቅ ፍለጋ ባሕር ዳር ይሄዳል። አዲስ ነገር ቢያይ ይመለስ ይሆናል ብዬ፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈረንሳይ አገር ለወርቅ ሠሪዎች ይታተሙ የነበሩ የጌጥ ንድፎችን ከኢንተርኔት አውርጄ በወረቀት አሳተምኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው።

ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ከገበዝ ማርያም መጥተው በሐብል ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ መረጡ። ግራው የወይን ቅጠል፣ ቀኙ የጥብጣብ ቋጠሮ ነው።

«እንደ ወረቀቱ?» አሉ አጎቴ።

«እንደ ወረቀቱ።»

እኚህ ሴት ደስ ብሏቸው ከሄዱ የአገራቸው ሰው ይከተላቸዋል ብለን ነበር። አጎቴ ወረንጦውን ዓይናቸው ሥር ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሠሩት። ሲጨርሱ ጀርባቸው አልቀና አላቸው።

እናትና ልጅ ሊወስዱት መጡ። ሙሽራዋ አንገቷ ላይ አድርጋ መስታወት አየች። እናቷ ጠጋ ብለው ግራና ቀኙን እያፈራረቁ አዩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁለት ሰው የሠራው አይመስልም?»

«ወረቀቱ እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«ወረቀቱንማ አይቻለሁ። እርስዎ ያስተካክሉታል ብዬ እንጂ። አማቶቿ ከስባሪ ወርቅ ገጣጥመው ላኳት አይሉም?»

«እኔ አልጠላሁትም» አለች ሙሽራዋ ቀስ ብላ።

«አንቺማ ነጠላሽን ገልብጠሽ ብትለብሺም አይታወቅሽ።»

አጎቴ ጌጡን ከሙሽራዋ ተቀበሉ። ሰርጉ እሑድ ስለሆነ አቅልጠው ተራ ክብ ጌጥ ሊሠሩላቸው ተስማሙ።

ሰዎቹ ሲወጡ ሌሎቹን ወረቀቶች አየሁ። በሁሉም ግራና ቀኙ ይለያያል። ከሥር የተጻፈውን በስልኬ አስተረጎምኩ። ለካ ሠዓሊው ቦታ ለመቆጠብ ሁለት ምርጫ በአንድ ጌጥ ላይ አጋምሶ ነው የሣለው፤ ገዢ አንዱን ግማሽ ይመርጣል፣ ወርቅ ሠሪው ያንኑ በሌላው ጎን ይደግመዋል። ለአጎቴ ነገርኳቸው። አንዱን ጎን ብቻ ደግመው ቢሠሩትስ አልኩ።

«ዓይኔ ሁለተኛ አይችለውም፣ ልጄ።»

ጌጡን ማቅለጫው ውስጥ አድርገው እሳቱን ለቀቁበት። ቅጠሉ ቀድሞ ሟሸሸ። ቋጠሮው ጥቂት ቆየ።

«ቀኙ ይሻል ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

እኔ የወደድኩት ግራውን ነበር። መብራቱን አስጠጋሁላቸው።