ከመበየዱ በፊት እናትህን ጥራ

ዛሬ እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር አንድ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ጡብ ላይ ተሰቅሎ አየሁ።

ሱዳናዊው ባለቤት የሚኖርበት የጀብራ ሰፈር ጭቃ ስላስመረረው መኪናውን ከፍ አስደርጎ ትልልቅ ጎማ ሊያስገጥም ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ምን እንደሚመስል በስልኩ በኤአይ ያሠራውን ምስል ለጎረቤቴ ለበያጁ ለጋሽ ተክሌ አሳያቸው።

"ኩወይስ፣ ያምራል" አሉና መኪናውን ልክ እንደ ምስሉ በጡብ ከፍ አደረጉት። የፊት መከላከያውንም (ፓራውርቶውን) ከብስኩት ካርቶን ቆርጠው ለጠፉለት። (እውነቱን ለመናገር ካርቶኑ አምሮበታል።)

"ከተበየደ መመለሻ የለውም። ያላ፣ በል እናትህን ጥራ" አሉት ጋሽ ተክሌ።

እናቱ ሃጃ መጡ። የተጠቀለሉበትን ረጅም ቶብ ሰብስበው ሊገቡ እግራቸውን ቢያነሱ መኪናው ደፍ ላይ አልደረሰም። ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

ልጁ ራሱ ክሪክ አምጥቶ ከየጎማው ሥር ሁለት ሁለት ጡብ ቀነሰ። ሃጃም መኪናው ገና ጡብ ላይ እንዳለ ገብተው ተደላደሉና፣ "ያላ፣ ኦምዱርማን ገበያ" አሉት።

እናንተስ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ለጋሽ ተክሌ አነብላቸዋለሁ።