የበና ነው ያልኩት ሰንሰለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረውም እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሊያዝንልኝ ያሰበ ሰው ማንበቡን እዚሁ ያቁም።

ታናሽ እህቴን ትርንጎን ያሰርኳት እኔ ነኝ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ጂንካ ገበያ መሀል ልብሷን ጥላ መጮህ ስትጀምር፣ ከሱቄ ጀርባ ባለው መጋዘን ከምሰሶ ጋር አሰርኳት። ራሷን እንዳትጎዳ ነው እያልኩ ኖርኩ። ውሸት ነው። ያሰርኳት ደንበኛ እንዳይሸሽብኝ ነው። ጎረቤቴ ነርሷ «አርባ ምንጭ ውሰጃት፣ መድኃኒት አለ» ስትለኝ «ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ?» አልኳት። እህቱን በስኳር ጆንያ መሀል አስሮ ከፊት ለፊት ስኳር የሚሸጥ ምን ዓይነት ልብ ነው? የእኔ ልብ ነው።

ከዓመታት በኋላ ነርሷ ራሷ ወሰደቻት። ትርንጎ ክኒኑን እየዋጠች ተሻላት፤ ባዶ ካርቶን ላይ በከሰል መሳልም ያዘች።

አምና የከተማችን ሙዚየም የአእምሮ ሕሙማን ድሮ እንዴት ይያዙ እንደነበር ሊያሳይ ሥዕሎቿን ጠየቀ። ሥዕሎቹን ሊወስድ የመጣው የሙዚየሙ አስጎብኚ መጋዘኑ ውስጥ ሰንሰለቱን አየ።

«እማማ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የአንድ የበና ሰው ነው። የታመመ ወንድሙን ያሰረበት ነው» አልኩት። በአካባቢያችን ባለው በበና ሕዝብ ላይ ሳላክክ ምላሴ አልተደናቀፈም፤ እሱም ሰንሰለቱን ከሥዕሎቹ ጋር ወሰደው።

በዐውደ ርእዩ መክፈቻ ቀን አስጎብኚው ያንኑ ለሰው ሲያስረዳ፣ ማር የምታመጣልኝ የበና ሴት ከትርንጎ ጎን ቆማ ነበር። ትርንጎ ታስራ ሳለ በጣውላው ስንጥቅ ማር ታቀብላት የነበረች እሷ ናት። እኔ አባርራት ነበር። ስሟን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ሴትዮዋ ሳቀች። «እኛ ጋ ሰንሰለት የት አለ? ሰንሰለት የሚሸጠው አንቺ ሱቅ አይደለም እንዴ?»

ሰውም ሳቀ። ያኔም መሸሽ እችል ነበር። ትርንጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እታለም፣ እኔን ያሰርሽኝን ትቼልሻለሁ። እሷ ላይ የጫንሽውን ግን አውርጂ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ፦ ሰንሰለቱ የእኔ ነው፣ የታሰረችው ይቺ እህቴ ናት፣ በናዎቹን በሐሰት ከሰስኩ። አስጎብኚው ደነገጠ። ሊያድነኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግድ የለም እማማ። ‹ድሮ ቤተሰብ ባለማወቅ ያስር ነበር› ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ባለማወቅ የሚለውን አውጣ» አልኩት። «አውቅ ነበር። ስሜንም ጻፍበት።»