በአውቶቡሱ መስኮት ያየኋት እናቴ

ባለፈው ክረምት ሮቤ ገበያ ዳር ዝናብ የደበደበው የጋሪ ፈረስ በአጠገቤ ሲያልፍ ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና ቆምኩ። እርጥብ ፈረስ፣ እርጥብ ጆንያ። ላምባ ብቻ ነው የጎደለው እንጂ የአዴ ሸምሲያ ሱቅ ሽታ ነው።

አዴ ሸምሲያ ጎባ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ ሴት ናቸው፤ ጨውና ላምባ ይቸረችራሉ። አባቴና እናቴ አስተማሪ ሆነው ከጎጃም ነው የመጡት። እናቴ ብርዱም ኑሮውም አልሆናትም፤ እኔ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። አባቴ ሲያስተምር እኔ ሱቁ ውስጥ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። አዴ ሸምሲያ ላምባ በጣሳ እየሰፈሩ፣ «ያን ለታ ትዝ ይልሻል አይደል? አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ ባውቶቡሱ መስኮት እጅሽን ይዛ...» ይሉኛል። መጀመሪያ እሳቸው ነበሩ የሚነግሩኝ። ኋላ እኔ ለሳቸው ነጋሪ ሆንኩ። ሻሹ ይታየኛል፤ ድምጿም ይሰማኛል፦ «ሂንቦኢን፣ ኢንታላ ኮ።» አታልቅሺ፣ ልጄ። የሰፈር ልጆች «እናትሽ ጥላሽ ሄደች» ሲሉኝ፣ «ውሸታሞች! እኔን እያባበለች ነው የሄደችው» እላቸው ነበር።

ደጃፉ ላይ የምትታሰር ዳማ የምትባል ባዝራም ነበረቻቸው። አንዴ ጅብ ያስደነገጣት ድልድይ ጋ በደረሰች ቁጥር ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። «ዳማ አትረሳም» ይሉ ነበር።

ከገበያ ስመለስ ጡረታ የወጣው አባቴ ቤት ገብቼ ይኼን ሁሉ አወራሁት፤ ሻሹን፣ መስኮቱን፣ ቃሏን።

«ሰላሜ፣ እናትሽ እኮ አንዲት የኦሮምኛ ቃል አታውቅም ነበር» አለኝ።

ጉድ አትሉም! በሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁ ሰው፣ እናቴ በየትኛው እንዳናገረችኝ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም።

«አውቶቡሱ ጋስ?» አልኩት።

«አንቺ ቤት ተኝተሽ ነበር። ሳትነቃ ልሂድ ብላ ወጣች።»

አዴ ሸምሲያ ዋሸችኝ! ኦሮምኛውም የራሷ ነበር! አንቱታውም ይቅርባት! ዳማን ማንም አልነገራትም፤ ጅቡን በራሷ ዓይን ነው ያየችው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የራሴ ነው ያልኩት ትዝታ ከላምባው ጋር ተሰፍሮ የተሰጠኝ ነው። እናቴም ብትሆን ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። በማን ልናደድ? ሄጄ እንዳልጠይቃት አዴ ሸምሲያ ከሞተች ቆይታለች።

ያን ሰሞን ትዝታውን ከውስጤ ነቅዬ ልጥል ታገልኩ። ሻሹ ጠፋ፣ መስኮቱም ጠፋ። «ሂንቦኢን» የሚለው ድምፅ ግን አልጠፋ አለኝ። የእናቴ እውነተኛ ድምፅ ምን ዓይነት እንደነበር አላውቅም። አሁን እናቴን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን፣ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።