የወለሉ ስፒሎች

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሙያ ወገባቸውን ጨርሶታል። ሥራ ሲያበቃ ወለሉ ላይ የተበተነውን ስፒል ጎንበስ ብሎ መልቀም ቢያቅታቸው፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጡትን ማግኔት በክር አስረው ከዱላ ጫፍ አንጠለጠሉ።

የልጅ ልጆቻቸው ይህን አይተው፣ «አባባ፣ ለእኛም ዓሣ ማጥመጃ ይሥሩልን» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። ለመከራከር አቅም አልነበራቸውምና ከካርቶን ዓሣዎች ቆርጠው፣ አፋቸው ላይ ስፒል ሰክተው፣ ከነዱላው ሰጧቸው። ልጆቹ ግን ጥቂት ተጫውተው ካርቶኑን ገፋ አደረጉና የወለሉን ስፒል ማጥመድ ያዙ።

«ምነው፣ የለፋሁበትን ዓሣ ናቃችሁት?» አሉ።

«እሱማ የውሸት ነው፣ አባባ» አለች ትንሿ።

«እንግዲያው ትልልቆቹ ከስፌት መኪናው ሥር ናቸው» አሉና፣ ከስንት ዘመን በኋላ ራሳቸው ስፒል ሳይለቅሙ ቁጭ አሉ።