ቀጠሮ ያዡና ምግብ ቆጣሪው በመርጌታ ስልክ

የመርጌታ ሰይፈ ሥላሴ ስልክ ሞልቶ አዲስ ነገር አልቀበል አለ። ላሊበላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ልጃቸው ፋና ልትጠይቃቸው መጥታ ስልኩን አገላብጣ አየችና፣

«አባባ፣ አንዱን መተግበሪያ ላጥፋልዎት። የቱ ይቅር? ቀጠሮ ያዡ ነው ምግብ ቆጣሪው?» አለች።

«ምግብ ቆጣሪው!» አሉ መርጌታ ሳያቅማሙ። «ዛሬውኑ ይውጣልኝ።»

ሁለቱንም የጫነችላቸው እሷው ነበረች፤ ከፋሲካ በኋላ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀ ጊዜ። መርጌታ ገነተ ማርያም አጠገብ ነዋሪ ናቸው። ጉልምስናቸውን ሁሉ ዜማ ሲያስተምሩና ማኅሌት ሲቆሙ ያሳለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይንሸራተት ሰው ናቸው። በሽታው ከመጣ ወዲህ ግን ልባቸው ሰግቷል። ፍልሰታ ሲመጣ እንደ ወትሮው ጾመው መቆም ይችሉ ይሆን? ስልኩን የሞላውም ይኸው ስጋት ነው። «ምናልባት ብቀር» እያሉ ዜማቸውን በድምፃቸው ቀድተው ቀድተው ቦታ አሳጥተውት ነበር።

ቀጠሮ ያዡን ወደውታል። ድሮ ክሊኒክ ለመድረስ ሌሊት ተነሥተው፣ በሩ ላይ ለወረፋ ድንጋይ አስቀምጠው፣ ፀሐይ አናታቸው ላይ እስኪወጣ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ «ሐኪሙ ወጥቷል፤ ነገ ይምጡ» ይባሉ ነበር። አሁን ቤታቸው ሆነው ይነካሉ፤ ሰዓቱ ይነገራቸዋል፤ ሲደርሱ በስማቸው ይጠራሉ።

ምግብ ቆጣሪው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ ቆመው ሳለ ከኪሳቸው ድንገት ይጮሃል፤ «ቁርስዎን አልመዘገቡም!» ይላል። ደርበው የሚባል ጎረቤታቸው አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ጠላም ይመዘግባል፣ መርጌታ?»

«ይመዘግባል።»

«እንግዲያማ ሰላይ ነው በሉኛ! እኔ ቤት ይዘውት እንዳይገቡ።»

መርጌታም ለፋና ይህንኑ አሉ። «ያኛው እንደ እንግዳ ይጠራኛል፤ ይኸኛው እንደ ሌባ ይመረምረኛል።»

«ነገ ቀጠሮ አለዎት አይደል? ዶክተር ምሥጋናው ይይልዎትና ከዚያ እናጠፋዋለን» አለች ፋና።

ወሩ ሐምሌ ነበር። መርጌታ በዝናብ ጭቃ እየረገጡ ላሊበላ ደረሱ። ዶክተር ምሥጋናው ወጣት ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ የሚነሣ። ደማቸውን ለክቶ ፊቱ አልፈካም።

«ስኳሩ ጨምሯል፣ መርጌታ። በዚሁ ከቀጠለ መድኃኒቱን እቀይራለሁ። አዲሱን እየወሰዱ ደግሞ ሳይበሉ መዋል አይሆንም።»

«ፍልሰታስ?»

«ፍልሰታም ቢሆን።»

መርጌታ መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። ዶክተሩ ስልካቸውን ተቀብሎ ምግብ ቆጣሪው ውስጥ የተመዘገበውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ አነበበ። ግንባሩን ቋጠረ።

«እንዲህ እየተበላማ ስኳሩ እንዲህ አይወጣም። ያልመዘገቡት ነገር ይኖር ይሆን?»

መርጌታ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዜማ ሳስተምር አንዲት ምልክት ዘልዬ አላውቅም። ጉርሻ እዘላለሁ?»

«ይቅር ይበሉኝ፤ ሊዋሹኝ ፈልገው ነው ማለቴ አይደለም። ግን እንዴት ነው የሚለኩት?»

«ከባለቤቴ ከወለተ ሐና ጋር በአንድ ትሪ ነው የምንበላ። የቀረበውን አየዋለሁ፤ እኩሌታውን እመዘግባለሁ።»

«እትዬ እኩል ይበላሉ?»

«እንዴታ! አብረን እንቀርባለን፣ አብረን እንነሣለን።»

ዶክተሩ ስልኩን መለሰላቸውና፣ «እስቲ ዛሬ የእትዬን እጅ ይዩልኝ» አለ።

«የሰው እጅ እያዩ መብላት?» መርጌታ ደነገጡ። «ተማሪዎቼን የምቆጣበት ነውር ነው እኮ!»

«መድኃኒት አዘዘልኝ ይበሉ።»

ማታ ትሪው ቀረበ፤ ሽሮና እንጀራ። መርጌታ ባረኩ፤ መብላት ጀመሩ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዓይናቸው ከራሳቸው እጅ አልፎ አያውቅም ነበር። ያን ምሽት እያፈሩ አሻገሩት።

ወለተ ሐና ስለ ጥጃዋ እያወሩ ነበር። ስለ ዝናቡም፤ ስለ ጎረቤት ሠርግም። ወሬያቸው አላቋረጠም፤ እጃቸው ግን ትንሽ እንጀራ ቆርሶ ወጥ አስነክቶ በዚያው ቆሟል። በአንድ ጣታቸው ወጡን ወደ ባላቸው በኩል ገፋ አደረጉ። ደግሞ አንድ ቁራሽ እንጀራ አሻገሩ። መርጌታ ሲጎርሱ እሳቸውም የሚጎርሱ ይመስላሉ፤ ያቺ ቁራሽ ግን አፋቸው አልደረሰችም። መርጌታ እጁን ራሱን አዩት። አንጓው ላይ ያለው አምባር ድሮ ልክ የነበረ ነው፤ አሁን ወደ ክርን ይሸሻል።

«ወለተ ሐና።»

«አቤት።»

«ያቺ ጉርሻ እጅሽ ላይ ልታረጅ ነው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። «የሰው እጅ ማየት መቼ ጀመሩ እርስዎ?»

«ሐኪም አዝዞኝ ነው። ንገሪኝ፤ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ወለተ ሐና ነጠላቸውን ሳቡ፣ መልሰው ለቀቁ።

«በሽታው የመጣ ሰሞን ልብስዎ እየሰፋ እየሰፋ ሄደ። ማኅሌት ላይ ቆመው ይወድቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ፊት ለፊት ብጨምርልዎት ደግሞ ይቆጡኛል። እርስዎ በሉ ማለት እኔም በላሁ አይደል?»

መርጌታ የራሳቸውን እጅ ከትሪው አነሡ። ለካ የሁለት ሰው ምግብ እየበሉ የአንድ ሰው እየመዘገቡ ኖረዋል። አንድም ውሸት ሳይናገሩ ውሸት ጽፈዋል። የሚስታቸው ረኀብ ደግሞ የትም አልተጻፈም። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ። «ብቻ አንቺን አክስቼ እኔ ማኅሌት ብቆም ምን ይረባኛል?»

ስልኩን አነሡ። ቀጠሮ ያዡን ከፈቱት። «ለራስዎ ነው ወይስ ለቤተሰብ አባል?» ብሎ ጠየቃቸው። እስከዚያ ቀን ነክተውት የማያውቁትን ሁለተኛውን ነኩ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አሉ ወለተ ሐና። «እኔ እኮ በእግሬ የቆምኩ ሰው ነኝ!»

«ስምሽ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ብትቀሪ የምትዋረጂው አንቺ ነሽ።»

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም አብረው ላሊበላ ሄዱ። ዶክተር ምሥጋናው የወለተ ሐናን ደም አስመርምሮ ደም ማነስ አገኘባቸው፤ ክኒን ሰጣቸው። ለመርጌታ መድኃኒታቸውን ሳይቀይር የሐምሌ መጨረሻ እንዲመለሱ ነገራቸው። ሁለት ትሪ ይሁን አላለም። መርጌታም ቢባሉ እሺ አይሉም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ደንብ ወጣ፤ ወለተ ሐና ሳይጎርሱ መርጌታ አይጎርሱም። መጀመሪያ ሁለቱም ሳቅ እያቋረጣቸው ትሪው ይቀዘቅዝ ነበር። ደርበው ድንገት ገብቶ ሲያያቸው «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ተጋብታችሁ ነው?» ብሎ አላገጠ።

የሐምሌ መጨረሻ ስኳሩ ወረደ። ዶክተር ምሥጋናው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየና ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «ይጹሙ፣ መርጌታ። ማዞር ወይም ማንቀጥቀጥ ከጀመረዎት ግን ወዲያው ይግደፉ።»

መርጌታ ፍልሰታን ቆሙ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወለተ ሐና ትሪውን ይዘው ይጠብቋቸዋል፤ የአንጓቸው አምባርም ወደ ቦታው መመለስ ጀምሯል።

ለፍልሰታ ፍቺ ፋና መጣች። ስልኩን ከፍታ፣ «አሁንም ሙሉ ነው፤ ምግብ ቆጣሪውን ላጥፋው?» አለች።

«አታጥፊው። ቀጠሮ ያዡ ባይኖር ምሥጋናው ፊት በጊዜው አልደርስም ነበር፤ ምግብ ቆጣሪው ባይኖር ምሥጋናው የሚጠይቀኝ አያገኝም ነበር። ሁለቱንም እግዜር ይስጣቸው።»

«ታዲያ ቦታ ከየት ይምጣ?»

መርጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ያን የቀዳሁትን ድምፄን አጥፊው። እኔ ራሴ ቆሜ እያለሁ ምን ያደርጋል?»

ፋና ፈገግ ብላ አጠፋችው። አስቀድማ በራሷ ስልክ ቀድታ ማስቀመጧን አልነገረቻቸውም። ስልኩ ቦታ ባገኘ በቅጽበት ጮኸ፤ «ምሳዎን አልመዘገቡም!»

«እሺ፣ እሺ» አሉት መርጌታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጡ። ወደ ትሪው ቀርበው ወደ ወለተ ሐና እጅ ተመለከቱ። እሳቸውም እያዩዋቸው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሱ።

«ይኸው» አሉ አፋቸው ሞልቶ። «በሉ አሁን እኩሌታ ብለው ይጻፉ።»