የቪሽዋስ አንድ ጉርሻ

ሰሞኑን በምሠራበት ሆቴል የሠራተኞች መመገቢያ ክፍል አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። ኒቲን ይባላል፤ ሕንዳዊ ነው። ስልኩን በጨው ዕቃው ላይ አስደግፎ ኳስ ያያል። የሰው ስልክ መመልከት ነውር መሆኑን ባውቅም ዓይኔን ማገድ አልቻልኩም። የሜዳው ጭቃ ቀይ ነበር። እሱን ሳይ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ኮልሃፑር ነው?» አልኩት።

«አንክል! ኮልሃፑርን እንዴት ያውቋታል?»

«ኳስ ተጫውቼባታለሁ።»

አላመነኝም። ሆዴን አየና ጭራሽ አላመነኝም።

እውነቴን ግን ነው። ኮልሃፑር ማሃራሽትራ በምትባል የሕንድ ግዛት ያለች የሸንኮራ አገዳ አገር ናት። በወጣትነቴ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄድኩባት። የተከራየሁት ክፍል ከአገዳ ጭማቂ መሸጫ በላይ ስለነበር መጽሐፌም ትራሴም አገዳ አገዳ ይሸት ነበር። ሌላ ሐበሻ በከተማዋ አልነበረም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ሰላም ይሉኛል፣ አብረውኝ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እሑድ እሑድ አማርኛዬ እንዳይጠፋብኝ ብቻዬን ጮክ ብዬ አወራ ነበር። አሁን ሳወራው ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን የአካባቢው ቡድን አሠልጣኝ በኮሌጃችን ሜዳ ስጫወት አየኝና በግራ ተከላካይነት ወሰደኝ። ቡድኑ በግዛቱ ውስጥ ካሉ የየአካባቢው ቡድኖች ጋር የሚወዳደርበት ዓመታዊ ዋንጫ ነበር። ደንቡ አንድ የውጭ አገር ተማሪ ማሰለፍን ይፈቅዳል። ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ እየወረደብን፣ ቀዩ ጭቃ ካልሲያችንን እየበላው ተለማመድን። አምበላችን በረኛው ቪሽዋስ ነበር፤ ጺሙን ያሳደገ፣ ቁም ነገረኛ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጥ ሰው። «ዳዳ» እንለዋለን፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። እኔ ዋንጫውን እንኳ ያን ያህል አልፈለግሁትም። የፈለግሁት እነዚያ ሰዎች እንግዳ መሆኔን እንዲረሱልኝ ነበር።

ውድድሩ ወደሚካሄድበት ከተማ በአውቶቡስ ሄድን። ያረፍነው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፍን፤ ለጎሏ ኳሷን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ማታ ለእራት ወለሉ ላይ ተሰልፈን ተቀመጥን። የማሽላ ቂጣ ቀረበ፣ ከጎኑም እንደኛው ወጥ የቀላና ምላስ የሚያቃጥል የሥጋ መረቅ። ቪሽዋስ አጠገቤ ነበር። ደስታው፣ ቅመሙ፣ ትከሻ ለትከሻ መቀመጡ ተደማምሮ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ቂጣውን ቆረስኩ፣ ሥጋ ጠቀለልኩበት፣ «ዳዳ፣ በሞቴ!» ብዬ በአማርኛ ወደ አፉ ሰደድኩት።

ቪሽዋስ ፊቱን አዞረ። ጉርሻው ነጭ ሸሚዙ ላይ ወደቀ።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እሱ ሸሚዙን በውሃ ጠርጎ መብላቱን ቀጠለ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። «አልተቆጣብህም» አለኝ። «እኛ ዘንድ የሰው አፍ የነካው እጅ ያቀረበውን አንበላም። ሚስት ባሏን በሠርጓ ቀን ታጎርሳለች፣ እናትም ልጇን። ሌላው የራሱን ሳህን ይበላል። አንተም የራስህን ብላ።»

ክፉ አልተናገረም። ግን «የራስህን ብላ» የሚለው ነገር ገደለኝ። ከዚያ በኋላ በምግብ ሰዓት ጥግ ይዤ እቀመጥ ጀመር።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ተሸነፍን። አንድ አጥቂ ቪሽዋስን አልፎ ባዶ ጎል ላይ ሲመታ ተወርውሬ ኳሷን አወጣሁ፤ ግን ከግቡ ብረት ጋር ተላትሜ ቀኝ እጄ አበጠ። ሌላ ጎል ገባብንና ከዋንጫው ቀረን። እራት ሲቀርብ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ጥጌ ላይ ቁጭ አልኩ። በግራ እጅ መብላት እነሱም ዘንድ ነውር ነው፣ እኛም ዘንድ ነውር ነው። እርቦኛል፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ቪሽዋስ ከቦታው ተነሳ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ከሳህኔ ቂጣ ቆረሰ፣ መረቁን አጠቀሰና ወደ አፌ አስጠጋው።

«በሞቴ» አለ። አማርኛዋን ይዟት ኖሯል።

ጎረስኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እንባዬ መጣ፤ በቅመሙ አሳበብኩ። እኛ አገር እንግዲህ ማንም ሰው በአንድ ጉርሻ አያቆምም፤ ሁለተኛው የግድ ይከተላል። አፌን ከፈት አድርጌ ጠበቅሁ። ቪሽዋስ ግን እጁን ታጥቦ «ማንኪያ አምጡለት!» ብሎ ተጣራ፣ ወደ ቦታውም ተመለሰ። ሁለተኛ መኖሩን በምን ይወቀው? በማግስቱ ተበታተንን። ፈተና ደረሰ፣ ትምህርቴንም ጨርሼ ከሕንድ ወጣሁ። ቪሽዋስን ዳግመኛ አላየሁትም።

ይህን ለኒቲን ስጨርስለት ጨዋታው አልቆ ነበር።

«አንክል፣ አንድ አይበቃም ብለው ለምን አልነገሩትም?»

«ጉርሻ አይጠየቅማ!» አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሺፍቱ ሄደ።

ከሥራ ወጥቼ በዚያ ሙቀት ወደ ሰፈሬ ወደ ዊትኒ ስነዳ ጥያቄው አለቀቀኝም። ቤቴ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሊድያ ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ሩቅ አይደለም። ስትመጣ ትመጣለች፤ እኔ ግን ነይ ብያት አላውቅም። ሰው ሳይጠሩት ሲመጣ ነው ደስ የሚለው እያልኩ ኖርኩ። የእኔን ደስታ ሌላው በምን እንዲያውቀው ፈልጌ እንደሆነ እንጃ። ወጥ ሠራሁና ደወልኩላት።

«ዳዲ፣ ኦኬ ነህ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ነይ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አልኳት።

«ኦው፣ ዳዲ! በኋላ ኮል አደርግሃለሁ፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ስልኩን አስቀምጬ ድስቱን ከፈትኩ። ወጡ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።