ሦስት ቀን የተነቀለው ማሞቂያ

የሞቀ ሰጋቱራ ሽታ ባልጠበቅሁት ቦታ ሲያገኘኝ ዛሬም የያዝኩትን እረሳለሁ። ባለፈው ወር ቶራንስ ውስጥ በአንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ሸተተኝና፣ መኪናዬን ዳር አስይዤ፣ መስኮቱን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሰው ልጅነቱ ሲሸተው ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን የሚሸተኝ የአንድ እባብ ቤት ነው፣ ከእሱም ጋር ጥፋቴ ተያይዞ ይመጣል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ አስተማሪያችን ወደ ሌላ ስቴት ልትዛወር ስለነበር፣ የክፍላችንን ትንሽ እባብ፣ ፓይተኑን፣ ማን እንደሚወስድላት ስትጠይቅ፣ ማንንም ሳላማክር እጄን አወጣሁ። ወላጅ መፈረም ያለበትን ወረቀት ለእናቴ ያነበብኩላት እኔው ነበርኩ፤ በቤታችን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሁሉ በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። «የሳይንስ ትምህርት ነው» አልኳት፤ አምናኝ ፈረመች።

እባቡን ይዤ ስገባ አማተበችና «በስመ ሥላሴ! ሔዋንን ያሳተውን ነው ቤቴ የምታስገቢው?» ብላ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አባቴ ግን ዘሩ ከአፍሪካ መሆኑን ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲያማ የሠፈር ልጅ ነው፤ ሶ፣ አናባርረውም» አለ።

እባብ የራሱ ሙቀት እንደሌለው፣ ከቤቱ አንዱ ጎን ሞቃት ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ሆኖ እንደፍላጎቱ መምረጥ እንዳለበት አስተማሪዬ ጽፋ ሰጥታኝ ስለነበር፣ እያነበብኩ ለአባቴ እተረጉምለት ነበር። እሱም ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ከመስታወት ሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ፣ ማሞቂያውን ከሥር ለጥፎ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ባለ ቀይ መብራት ዕቃ አገናኝቶ፣ ሰጋቱራውን በእጁ ደልድሎ፣ መሸሸጊያ እንዲሆነው የሸክላ ማሰሮ ስባሪ ደፋለት። «ብርድ ሲሰማው ፀሐይ ይሞቃል፣ ሲበቃው ጥላ ይገባል። ከእኛ አፓርትመንት የእሱ ይሻላል» ይል ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ሙቀቱን በየቀኑ ቼክ ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው፣ ኦኬ?» አለኝ። ኦኬ አልኩት።

በመከር እናቴ ከበሩ ላይ ሆና «በላ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። የገና ጾም ሲገባ እባቡ ምግቡን እንቢ አለ፤ በብርድ ወራት እንዲህ እንደሚያደርጋቸው መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፣ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እሷም «ውይ ምስኪን፣ ከእኛ ጋር እየጾመ ነው እኮ!» እያለች ለጎረቤት ሳይቀር ታወራለት ነበር። በገና ማግሥት አንዲት አይጥ ሲውጥ፣ እንደ ሰው «እንኳን አደረሰህ» ስትለው ሰምቻታለሁ።

ቢሆንም የንስሐ አባቷ በጥር ወር አንድ ዓርብ ቤት ሊባርኩ እንደሚመጡ ሲነግሯት ተሸበረች። ካህን እባብ ካለበት ቤት እንዴት ይገባል ብላ፣ ሣጥኑን በአንሶላ እንድሸፍነው አዘዘችኝ። ሸፈንኩት። ቀዩ መብራት በአንሶላው ውስጥ ሲታየኝ ግን፣ እናቴ እንዳታፍር ብዬ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማንም አላየኝም። ካህኑ ጠበል እየረጩ ክፍሌ ሲገቡ ጠብታው አንሶላው ላይ አረፈ፤ እናቴ ከኋላቸው ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

በማግሥቱ ኖርዝ ሆሊውድ ያለው አጎቴ ልጅ ያስጠምቅ ስለነበር ማልደን ሄድን፣ እዚያው ሰነበትንና ሰኞ ማታ ተመለስን። አንሶላውን ስገልጥ ነው ገመዱ ትዝ ያለኝ። የሎስ አንጀለስ ብርድ በረዶ ለለመደ ሰው ቀልድ ነው፤ ማሞቂያው ለተነቀለበት እባብ ግን ቀልድ አይደለም። መስታወቱ ቀዝቅዟል፤ እሱም ማሰሮው ሥር ተጠቅልሎ ስነካው አልተንቀሳቀሰም። ፈጥኜ ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ፣ ሌሊቱን እባቡም ተንቀሳቀሰ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እባቡ አፉን ከፍቶ እያፏጨ ይተነፍስ ጀመር። አባቴ የእንስሳት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ደውሎ፣ ስልኩን በእጁ እየሸፈነ፣ «ሰውየው ብርድ ነው የሚያደርገው ይላል። ሂተሩን ነቅለሽው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ አጠገቡ ቆማለች። «ኖ፣ አልነቀልኩትም» አልኩ። ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ መርፌ ተወጋ፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሞተ።

በዚያ ሳምንት እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ሚጡዬ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኩብሽ። አባታችን ጠበል ሲረጩ፣ ከቤቴ አውጣልኝ ብዬ ጸልዬ ነበር። እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አላሰብኩም» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። ገመዱን እኔ እንደነቀልኩ ልነግራት እየቻልኩ «ምንም አይደል፣ እማዬ» አልኳት። ይቅርታ አድራጊዋ እኔ ሆንኩ! ለንስሐ አባቷም ተናዘዘች። ልቧ እንዲያርፍ ብለው ነው መሰል ቀኖና ሰጧት፤ እስከ ሆሣዕና በየጠዋቱ አርባ አንድ ስግደት። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ፣ መታጠቢያ ቤት ስትፈገፍግ የምትውል ሴት ናት፤ ጉልበቷ ወለሉን ሲነካ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ተኝቼ እቆጥር ነበር እንጂ ተነሥቼ አልነገርኳትም።

ዓመታት አለፉ፤ አባቴም ከረጅም ሕመም በኋላ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር፣ ያ ሽታ ካገኘኝ በኋላ፣ እናቴ ቤት ሄጄ ነጭ ሽንኩርት አብረን ስንልጥ ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ተነቅሎ ነበር?»

«ሦስት ቀን።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ጸሎቴን ፈርቼው ነው የኖርኩት» አለች። «አባታችን ሆይ እደግማለሁ፤ ይህን አድርግልኝ፣ ያንን አንሣልኝ ግን አልልም። አባትሽ ሲታመም እንኳ ምን አመጣ ይሆን ብዬ፣ ሰው ለምኜ ነው ያስጸለይኩለት። እኔ አልደፈርኩም።»

አባቴ አልጋ ላይ በነበረበት ጊዜ አጠገቡ አፏን ገጥማ ስትቀመጥ፣ ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ በልቤ ታዝቤያት ነበር። በልጅነቴ እውነቱን ብናገር የሚጠብቀኝ የአንድ ቀን ቁጣ ነበር። አሁን ስነግራት እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ቢላዋዋን አንሥታ መላጡን ቀጠለች፣ እኔም ምነው በተቆጣችኝ እያልኩ አብሬያት ላጥኩ።